ቁምሳ ወይስ ብራንች?

ባለፈው ክረምት ከዋሽንግተን የመጣ አብሮ አደጌ ደወለልኝና፣ «እሁድ ብራንች የት ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምን የት ይሻላል?»

«ብራንች ነዋ! ከቁርስ የዘገየ፣ ለምሳ ያልደረሰ…»

«አንተ ሰውዬ፣ ቁምሳ አትልም እንዴ!» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። ቁምሳን እንዳልረሳት ከሳቁ ገባኝ። እንዴትስ ይረሳታል? ትምህርት ጨርሰን ሥራ ፍለጋ ፒያሳን ስንዞር በከረምንበት ጊዜ በሕይወት ያቆየችን እሷ ናት። ጠዋት ቤት ውስጥ «ቁርስ ጓደኛዬ ጋ እበላለሁ» ብለን እንወጣለን። ጓደኛ የተባልነው እኛው ነን። ማስታወቂያ ሰሌዳ ስናነብ፣ የወርቅ ቤቶቹን መስታወት ስናይ ቆይተን አምስት ሰዓት ሲል ፉል ቤት እንገባለን። በዚያ ሰዓት የበላ ሰው ቁርሱንም ምሳውንም በላ ማለት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዋጋ! ኪሳችን ጭራሹን የሳሳ ቀን ደግሞ ቁምሳ ወደ አሥር ሰዓት ትገፋና እራትንም ጠቅልላ ትይዛለች። ያኔ ስሟ «ቁምሳራት» ይሆናል።

የፈረንጁ ብራንችም ታሪክ አለው። ቃሉን በ1895 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጋይ ቤሪንገር የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ ነው። ሰውየው ቅዳሜ ማታ ሲጫወት ያመሸ ሰው እሁድ ጠዋት በግድ ከሚቀሰቀስ ይልቅ አርፍዶ ተነስቶ፣ ቁርሱንና ምሳውን አንድ ላይ አድርጎ ቢበላ ምናለበት ብሎ ነው የተከራከረው። እንግዲህ እነሱ ምግቦቹን አንድ ያደረጉት እንቅልፍ አሸንፏቸው ነው። እኛ አንድ ያደረግናቸው ለሁለቱ የሚሆን ብር ስላልነበረን ነው። የአዲስ አበባ አምስት ሰዓት ግን ሌሎች ባለቤቶችም አሉት። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው አለ፤ እሁድ ቅዳሴ ሳያስቀድስ እህል በአፉ የማያዞረው አለ፤ ሲያመሽ አድሮ ዓይኑ የቀላው አለ። በደጉ ጊዜ እነዚህ ሁሉ ፒያሳ ላይ አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲበሉ ይገኙ ነበር።

«በቃ ፒያሳ እንገናኝ» አልኩት።

«ፒያሳ አለ እንዴ?» አለኝ።

ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም መጋቢት ወር በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሰፈሩ ሲፈርስ በስልኩ ሲያይ ነው የከረመው። ዶሮ ማነቂያ ሄዷል። የእኛ ፉል ቤትም አብሮ ሄዷል። ታዲያ ዛሬ ቁርስ ፍለጋ ፒያሳ የሚወጣ ሰው ምን ያገኛል? ወዳጄ እስኪመለስ ድረስ በነበሩት እሁዶች እየዞርን ያየነውን ላጫውታችሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። «ቁርስ» የሚለው ቃል «ቆረሰ» ከሚለው የወጣ ነው። የሚቆረስ ነገር ደግሞ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ነው። ለብቻ የሚበላማ ምን ያስቆርሰዋል? ድሮ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ራሱ እንደ ነውር ይታይ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን እዚሁ ፒያሳ ሲከፍቱ ሰው «እንዴት ተበልቶ ይከፈላል?» ብሎ እምቢ እንዳለ፣ በኋላም አጤ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው እንዳስለመዱት ይነገራል። ነውሩ ዛሬ የለም። ከዚያ የተረፈች አንዲት ነገር ግን አለች። ጥሩ ቁርስ ቤት ስትገቡ አጠገባችሁ ያለው የማታውቁት ሰው ጉርሻውን ወደ አፉ ከመላኩ በፊት ቀና ብሎ «እንብላ» ይላችኋል። እናንተም «ብሉ፣ ይባረክ» ትላላችሁ። እኔ ቁርስ ቤት የምመዝነው መጀመሪያ በዚህች ቃል ነው። ሁለተኛው መመዘኛዬ «ግማሽ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ነው። ምግቡ ሦስተኛ ነው። ሦስተኛ ስላልኩት ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ከፉል እንጀምር። ፉል ሲያዩት ቀላል ምግብ ነው። ባቄላ፣ ዘይት፣ ዳቦ፤ አለቀ። ስለዚህ ነው የባለሙያ መፈተኛ የሚሆነው። ባቄላው ከዋዜማው ተዘፍዝፎ በለዘብተኛ እሳት ለሰዓታት መቀቀል አለበት። በደንብ የበሰለ ፉል ቅርፊቱ ጥርስ ላይ አይንጠለጠልም። ሲዳጥ ደግሞ ሁሉም ልሞ እንደ ሽሮ መሆን የለበትም፤ ገሚሱ ፍሬ ፍሬ እንዳለ መቅረት አለበት። ከሙኑ ይሸታል፣ በርበሬው ቀለም ይሰጣል፣ ከላይ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይነሰነስበታል። ዳቦው ትኩስ ካልሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ፉል በደረቀ ዳቦ መብላት ሠርግ በተቀደደ ጫማ እንደመሄድ ነው፤ ይቻላል፣ ግን ሲሳቀቁ ይዋላል።

ዛሬ ፒያሳና አካባቢው ላይ ከገባንባቸው ቤቶች በብዙዎቹ የመጣልን «ስፔሻል» የሚሉት ነው። ስፔሻል ማለት እንቁላሉ፣ እርጎው፣ አቮካዶው፣ ቅቤው ሁሉ ባቄላው ላይ ሲደፋ ነው። መልኩ ያምራል፤ ወዳጄም ስልኩን አውጥቶ ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሳው። ማንኪያዬን ወደ ታች ሰድጄ ባቄላውን ብቻ ሳወጣው ግን ያልበሰለ ነው፤ አንደኛው ቤት ደግሞ ያረረ ነው። እኔ እንደገባኝ «ስፔሻል» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የባቄላውን ጥፋት መሸፈኛ ነው። ሰው በእንቁላልና በአቮካዶ ተሸንግሎ ይከፍላል። የፉል ቤት ሙያ ማወቅ የፈለገ ሰው ተራውን ይዘዝ። ተራው ከጣፈጠ ስፔሻሉም ይጣፍጣል።

ከጎበኘናቸው አንዱ ቤት፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ከሕንፃ ጀርባ የተሸሸገ፣ ተራ ፉሉን እንደ ድሮው ይሠራል። ወንበሩ አግዳሚ ነው። እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ እናቶች ከቅዳሴ ሲወጡ ገቡ። አንዲት እናት አጠገባችን ተቀመጡና ወዳጄን ትክ ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ዳቦህን ጨርሰሃል፣ እንካ ከዚህ» ብለው የራሳቸውን ቆርሰው ሰጡት። ሰውየው ሃያ ዓመት አሜሪካ የኖረ ነው። ዳቦውን ይዞ ምን እንደሚል ጠፋው። «ብላ እንጂ፣ ምን ታየዋለህ!» አሉት። በላ።

ወደ ጨጨብሳ እንለፍ። የጨጨብሳ ነገር ያለው ቂጣው ላይ ነው። ቂጣው ስስ ሆኖ ተጋግሮ፣ እጅ እያቃጠለ ትኩሱን ተቆራርሶ፣ ወዲያው ቅመም ባለው የተነጠረ ቅቤና በበርበሬ መታሸት አለበት። ትኩስ ቂጣ ቅቤውን ይጠጣል፤ የቀዘቀዘ ቂጣ ግን ቅቤውን ከላይ ተሸክሞ ይመጣል። በየካፌው የሚቀርበው አብዛኛው የተቆራረሰ የትናንት ቂጣ ነው። ከዘይት ጋር መጥበሻ ላይ ይገለበጥና ማር ይፈስበታል። ማሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስኳር ስኳር ይላል። አንድ ካፌ ውስጥ፣ «እህቴ፣ ይሄ በቅቤ ነው?» ብዬ ብጠይቃት አስተናጋጇ ፈገግ ብላ፣ «በቅቤ ከፈለጉ ስፔሻሉን ይዘዙ» አለችኝ። ቅቤ የሌለው ጨጨብሳ ለጾመኛ ነው፤ የጾም ከሆነ የጾም ነው ብሎ መሸጥ ነውር የለበትም። ቅቤን ግን እንደ ተጨማሪ ነገር መቁጠር ከጀመርን ነገ ደግሞ ለቂጣውም ለብቻው እንከፍላለን።

ቂንጬ በአንድ ቦታ ብቻ ደህና አግኝተናል። እንቁላል ፍርፍር የትም ያው ነው፤ ዋናው ነገር በእሳቱ ላይ ሳይደርቅ ማውረድ ነው። ፈጢራ ፒያሳ ላይ የሚፈልግ ሰው ትዕግሥት ይኑረው፤ ሊጡን እንደ ጨርቅ አሳስቶ የሚዘረጋ ባለሙያ እየቀነሰ ነው። ስለ ገንፎ ሌላ ጊዜ እንጨዋወታለን፤ ገንፎ እንኳን ምርቃት ጭምር ያለው ምግብ ነው።

ማኪያቶን ሳላነሳ ብቀር የፒያሳ ልጅ ይቀየመኛል። ጣልያን በአምስት ዓመት ቆይታው ካመጣብን መከራ ውጭ ጥሎልን የሄደው የ«ፒያሳ» ስምና ማሽን ቡና ነው ቢባል የሚከራከር አይጠፋም። ሁለቱንም ግን የራሳችን አድርገናቸዋል። «ነጣ ይበል»፣ «ጠቆር አድርጊልኝ» ብሎ ማኪያቶን እንደ ልብስ ቀለም የሚያዝዝ ሕዝብ ሌላ አገር ያለ አይመስለኝም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው ቶሞካ ደግሞ ሰዉን ቆሞ መጠጣት አስተማረው። ቆሞ የሚጠጣ ሰው ማንም ይሁን ማን ክርኑን ያው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያስደግፈው። ሚኒስትርም ይሁን ደላላ ልዩ ወንበር የለውም። ቁርሳቸውን አንዲት ማኪያቶና አንዲት ቦምቦሊኖ አድርገው ወደ ሥራ የሚሮጡ ስንት ሰዎች ያሉባት ከተማ ናት! ያንንም ያላገኘ የመንገድ ላይ ፓስቲ በጋዜጣ ጠቅልሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይበላል። እሱም ቁርስ ነው፤ ማንም ሒስ ጸሐፊ ሊንቀው አይገባም።

እዚህ ላይ ሐቁን እንናገር። አዲሱ ፒያሳ ያምራል። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ማታ መብራት አለው፣ ክረምት ላይ ጭቃ ሳይረግጡ መሄድ ይቻላል። የዓድዋ ድል መታሰቢያን ለማየት የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። የድሮውን ፉል ቤታችንንም ሳወድስ እንዳላጋንን እፈራለሁ። መጸዳጃ ቤት አልነበረውም። ክረምት ላይ ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ፉላችንን ይዘን ወንበር እንቀያየር ነበር። ሰሐኑ የሚታጠብበትን ውኃ ያየ ሰው እንደገና አይመለስም ነበር፤ እኛም ላለማየት ጀርባችንን ሰጥተን ነው የምንቀመጠው። ሲፈርስ ያለቀሱለት ሁሉ እዚያ ቤት ተመልሰው ይኖሩ ዘንድ ቢጠየቁ እሺ አይሉም ይሆናል።

ግን ያ ቤት ግማሽ ይሸጥ ነበር። ዱቤም ይጽፍ ነበር። ባለቤቱ ጋሼ (ስማቸውን ብጠራ ደስ አይላቸውም) የመዝገብ ደብተራቸው ውስጥ የእኔና የወዳጄ ስም ለአንድ ዓመት ያህል ሳይሰረዝ ተቀምጧል። ሥራ ያገኘሁ ወር ልከፍል ስሄድ፣ «በል አሁን ሙሉ እዘዝ» ነበር ያሉኝ።

አፈላልገን ስልካቸውን አገኘን። ከከተማው ዳር አንድ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ፉል ቤት ከፍተዋል። ወዳጄ «ብራንቻችን እዚያ ነው!» አለና አንድ ማክሰኞ ታክሲ ይዘን ሄድን። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ቧንቧ አለው፣ መጸዳጃ ቤት አለው። ፉሉ ያው የድሮው ፉል ነው፤ እንዲያውም ባቄላው የተሻለ ይመስላል። አምስት ሰዓት ላይ ግን ከእኛ ሌላ አንድም ሰው አልነበረም።

«ሰው የለም እንዴ ጋሼ?»

«አለ እንጂ! ለሊት አሥራ አንድ ሰዓት ብትመጡ ወንበር አታገኙም። ሁሉም ወደ ከተማ ሥራ ስለሚሄድ ቆሞ ጎርሶ ይሮጣል። አሁን ግን ማን አለ? ሕፃናትና ሽማግሌ ነው ያለው።»

ድስታቸውንና ሙያቸውን ይዘው ሄደዋል። ይዘውት ሊሄዱ ያልቻሉት አምስት ሰዓትን ነው። ከቅዳሴ የሚመለሰው፣ ከቢሮ ሾልኮ የሚወጣው፣ ሥራ የሚፈልገው፣ ዕቃ ተሸክሞ የደከመው በአንድ ሰዓት አንድ መንገድ ላይ ካልተገናኙ ያንን ጠረጴዛ የሚሞላው የለም። ሰፈር ሲታቀድ ለመንገዱ ስፋት፣ ለሕንፃው ከፍታ፣ ለመስኮቱ ቀለም ሁሉ ይታሰባል። ቁርስ የሚበላው ሰው ከየት መጥቶ ከማን ጋር ይቀመጣል የሚለውን ግን የሚያነሳው አላጋጠመኝም።

በመጨረሻው እሁድ ተራው የወዳጄ ሆነና ቦሌ አካባቢ አንድ ትልቅ ሆቴል እውነተኛውን ብራንች ጋበዘኝ። እንዳልዋሽ ምግቡ ጥሩ ነው። እንቁላሉን ፊታችን ይጠብሳሉ፤ ፍራፍሬው ተቆራርጦ ተደርድሯል፤ ዳቦው ብቻ አሥር ዓይነት ነው። በአንድ ጥግ «የባህል ቁርስ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ በክዳን ድስት ውስጥ ጨጨብሳና ፉል ተቀምጠዋል። ከሥሩ እሳት ስላለው ጨጨብሳው ደርቋል፤ ፉሉ ደግሞ በርበሬ እንኳን ያልጎበኘው፣ የበሽተኛ ምግብ የሚመስል ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ አስተናጋጁ «ሁሉም ሰው እንዲበላው ተብሎ ነው ጋሼ» አለኝ። ሁሉም ሰው እንዲበላው ተብሎ ማንም የማይበላው ሆኗል። እኔ እዚያ በቆየሁበት ሁለት ሰዓት ከድስቱ የቀዳ አንድ ቱሪስት ብቻ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ዝምታው ነው። ሰው ሁሉ ሰሐኑን ሞልቶ ይመጣል፣ በየጠረጴዛው ይቀመጣል፣ ይበላል። «እንብላ» ያለኝ የለም። እኔም ለማንም አላልኩም። እንዴት ልበል? ሁሉም የፈለገውን ያህል መቅዳት የሚችል ነው፤ የሚቆርስለት ሰው አያስፈልገውም። ሂሳቡ ሲመጣ ወዳጄ እንዳላይ ቢሸፍነውም አየሁት። ለሁለታችን የተከፈለው ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለው ቤት አንድ ሰው ወር ሙሉ ተራ ፉል ይበላበታል። ይህን የምለው ሆቴሉን ለመክሰስ አይደለም። ሆቴል ሆቴል ነው፤ የሚሸጠውም ይታወቃል። የሚያሳስበኝ ሰፈሩ ሁሉ ወደዚያ እየሄደ መሆኑ ነው። ፒያሳ ላይ ከገባንባቸው ካፌዎች በአብዛኞቹ «ግማሽ አለ?» ብዬ ስጠይቅ አስተናጋጆቹ ቋንቋ የቀየርኩባቸው ያህል ነው ያዩኝ። አንዱ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሜኑ ላይ የለም» አለኝ። ድሮም ሜኑ ላይ አልነበረም። ግማሽ በአፍ የሚጠየቅ፣ በአፍ የሚፈቀድ ነገር ነበር።

ግማሽ የማይሸጥ ቤት ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ለግማሽ የሚሆን ብር ያለውን ሰው ከበሩ ይመልሰዋል። ሰውየው ተመልሶ መንገድ ላይ ፓስቲውን ይበላል። ውስጥ ያለነው ደግሞ እርስ በርሳችን ብቻ እየተያየን እንበላለን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጆቻችን ሥራ ፈላጊ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት ከቴሌቪዥን ይሆናል።

እንግዲህ ጥያቄው የት ይበላ የሚል ነበር። መልሴ ይኸው። ቡና ብቻ የሚበቃው ቆሞ ይጠጣ። ገንዘብና ጊዜ የተረፈው ቦሌ ይሂድ፤ ከባህል ቁርሱ ጥግ ግን ይራቅ። ቁርስ መብላት የፈለገ ሰው ፒያሳ አለለት። በዋናው መንገድ ዳር ካሉት መስታወታም ካፌዎች ይልቅ ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ ባለ አግዳሚ ወንበር ቤቶችን ይፈልግ። እሁድ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይሁን። ስፔሻል አይዘዝ። በር ላይ ቆሞ «ግማሽ አለ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ለራሱ ሙሉ መብላት ቢችልም እንኳ ይጠይቅ። የሚጠይቅ ከጠፋ የሚሸጥም ይጠፋልና። «አለ፣ ግቡ» ካሉት ይቀመጥ።

ወዳጄ ወደ ዋሽንግተን በሄደ በሳምንቱ ደወለልኝ። እሁድ ጠዋት ነው፣ እዚያ ያሉ የአበሻ ልጆችን ሰብስቦ ብራንች ሊበላ እየሄደ ነው።

«ምን ልትበሉ ነው?» አልኩት።

«ፉል» አለ። «ግን እዚህ ግማሽ የለም።»

«ጠይቀሃል?»

ትንሽ ዝም አለና፣ «ዛሬ እጠይቃለሁ» አለኝ።